ተዳፋቱ ላይ የተሠራው የቀስት ሜዳ

ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ ከደብረ ብርሃን ወፍራም ጋቢ ይዤ ነበር። ብዙም አልጠቀመኝም። እዚህ የሚያስቸግረው ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። አልጋ ሥር የረሳሁት ጫማ ሻግቶ ይጠብቀኛል፣ የደብተር ወረቀት ይለሰልሳል፣ የጨው ዕቃ ውሃ ያቁራል። ዝናብ የማይጥልበት ወር መቼ እንደሆነ ጎረቤቶቼን ስጠይቅ አንዱን ወር ይነግሩኛል፤ ያ ወር ሲመጣም ይዘንባል። ውሎ አድሮ መጠየቁን ተውኩት።

የስፖርት መምህርት ነኝ። የቀስት ስፖርትን የተማርኩት በአጭር ሥልጠና ሲሆን ቦንጋ ደግሞ ቀርከሃ ሞልቷል። ተማሪዎቼ ከቀርከሃ ደጋን ሠሩ፣ ጆንያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀን ዒላማ አደረግን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ግቢ መተኮስ ጀመርን። ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ሥራውን አቁሞ በአጥሩ ቀዳዳ ያየን ነበር። ከዚሁ ከካፋ፣ የደካ ሰው ነው። ልጅ ሳለ በያዘው ፖሊዮ እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው።

አንድ ቅዳሜ ጠራኝ። "ቲቸር፣ እኔ ዕድሜ ልኬን የጨዋታ ተመልካች ነኝ። ይሄኛው ግን ሩጫ የለውም አይደል?"

"የለውም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን ከአጥር ውጭ ታስቀምጪኛለሽ?"

በሩን ከፍቼ አስገባሁት። ዘመኑን ሁሉ ጨርቅና መቀስ የያዙ እጆቹ ደጋኑን ሲስቡት ምንም አልተንቀጠቀጡም።

ከእሱ ቀጥላ የመጣችው የሥነ ዜጋ መምህርቷ ናት። ዓይነ ስውር ናት፤ የመምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ልብስ ሰፊው መተኮስ መጀመሩን ስነግራት ሳቀች። "እኔ የመጣሁ ቀን ሕዝቡን ከሜዳው አስወጡልኝ" አለች። ቀልዷን ግን ልብስ ሰፊው ከቁም ነገር ቆጠረው። እግሯ የሚያርፍበት ጣውላና በጨርቅ የተጠቀለለ ጫፍ ያለው ቋሚ እንጨት ሠራላት። ጣውላው ላይ ትቆማለች፣ ደጋኑን ስትዘረጋ የእንጨቱ ጫፍ የእጇን ጀርባ ይነካዋል፣ በንክኪው አቅጣጫዋን ታገኛለች። የመጀመሪያው ቀስቷ ጭዱን ጥብ ሲያደርገው ደጋኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። "የእኔ ነው? እውነቱን ንገሩኝ" አለችን።

ወሬው ተሰማና የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ቢሮው አስጠራኝ። ከቢታ ገነት የመጣ፣ ሥራውን የሚወድ፣ በጀት ግን አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። "አካል ጉዳተኛውና ጉዳት የሌለበት አብረው የሚጫወቱበትን ክበብ የሚደግፍ ድርጅት ተገኝቷል" አለኝ። "እንደናንተ ያለ ክበብ በአካባቢው የለም። ፕሮፖዛል ጻፊ።" መብራት እየሄደ እየመጣ ጻፍኩ። ብዙ ቆይቶ ተፈቀደልን የሚል ስልክ መጣ። ያን ቀን ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ለስላሳ ጋበዘን።

ድጋፉ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ክበቡ የራሱ ቋሚ ሜዳ፣ ሜዳውም ተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ቦንጋ ውስጥ ደግሞ ሜዳ የሚባል ነገር ማግኘት ከባድ ነው፤ ከተማው ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። የተሰጠን ከከተማው ዳር ጫካው የሚያበቃበት ተዳፋት ነበር። ከላዩ ትልልቅ ዛፎችና በጥላቸው የበቀለ ቡና፣ ከሥሩ ምንጭ፣ ከምንጩ ቀጥሎ ደግሞ የአንዲት ባልቴት ቤትና የእንሰት ጓሮ አለ።

ኤክስካቫተሩ የመጣ ቀን አብረን ሄደን አየን። ማሽኑ ተዳፋቱን እየቆረጠ አፈሩን ወደ ታች ገፋው። ከላይ የተቆረጠው ከታች ተደለደለና ሜዳ ሆነ። በስተጀርባ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ቀይ የአፈር ግድግዳ ቆመ፤ ከጫፉ የዛፍ ሥሮች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የኮረብታውን እግር ነው የቆረጡት" አለኝ። አላጨበጨብኩም።

ባልቴቷ ከታች ወጥተው የእንሰታቸውን ጫፍ የሸፈነውን አፈር አዩ። አማርኛ ብዙም ስለማይሆንላቸው በካፊኛ ተናገሩ፣ ልብስ ሰፊው ተረጎመልን። "ይሄ ሁሉ አፈር በምን ይያዛል? ነው የሚሉት።" ባለሙያው ሣር እንደሚተከልበት ነገራቸው። ሣሩ ተተከለ። ደግሞም በቀለ።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም። እውነተኛ ደጋኖች መጡ፤ ቀለል ያሉ፣ ለልጅም ለአዋቂም የሚሆኑ። የሲሚንቶ መንገድ ተሠራ፣ የዓይነ ስውሯ ቋሚ እንጨት በብረት ተተክቶ መሬት ውስጥ በሲሚንቶ ተተከለ። ከማንኪራ መንደር በጫካው መንገድ በእግራቸው የሚመጡ ወጣቶች ተቀላቀሉን። ቅዳሜ ሜዳው ይሞላል። አንዱ የሌላውን ቀስት ይነቅላል፣ ልብስ ሰፊው ሰልፈኛውን ይቆጣል፣ የሥነ ዜጋ መምህርቷ ዒላማውን በመታች ቁጥር ተማሪዎቿ ይጮሃሉ።

ከዚያ ዝናቡ ጠነከረ።

በመጀመሪያ ያየነው ከቀዩ ግድግዳ ግርጌ የሚያዣውን ውሃ ነው። ቦይ ቆፈርንለት፤ ቦዩ በጭቃ ሞላ። በሚቀጥለው ሳምንት የሲሚንቶው መንገድ መሐል ላይ ስንጥቅ ታየ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር። ባለሙያው ሰው ልኮ አስደፈነው። ስንጥቁ ከተደፈነው አጠገብ እንደገና ወጣ።

ያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሥነ ዜጋ መምህርቷ መሳት ጀመረች። እሷ የምትስት ሰው አይደለችም፤ አቋቋሟን ካገኘች እንደ ማሽን ናት። አሁን ግን ቀስቶቿ ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ ከሜዳው ጠርዝ በታች ወዳለው ገደል በኩል ይሄዳሉ። በየሳምንቱ ትንሽ ይርቃሉ። እርጥበቱ ክሩን አላልቶት ይሆናል ብለን ክር ቀየርን። ደጋን ቀየርን። ተበሳጭታ አንድ ቅዳሜ ሳትመጣ ቀረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ደጋኑን አዘጋጅቶ እጁን ከጎማው ላይ ሲያነሳ ወንበሩ ቀስ ብሎ መንከባለል ጀመረ። የቆመበት ስፍራ ሲሠራ በውሃ ልክ የተለካ ነው። ጎማውን ያዘና ወደ ነበረበት ተመለሰ። ለቀቀው። እንደገና ሄደ፣ ወደ ገደሉ በኩል። ድንጋይ አቀበልኩት፤ ድንጋዩን ግን ከጎማው ሥር አላደረገውም። ዞር ብሎ የዓይነ ስውሯን የብረት ቋሚ አየው።

"ቲቸር" አለኝ፣ "ልጅቷ አልሳተችም። ብረቱ ነው የዘመመው።"

ክር ከድንጋይ ጋር አስረን ከብረቱ ጫፍ አንጠለጠልነው። ብረቱ ከነሲሚንቶው አጋድሏል። ሜዳው በሞላ፣ እኛን ተሸክሞ፣ ሳናውቀው ወደ ታች እየሄደ ነበር። ተማሪዎቹን ወደ መንገዱ አወጣኋቸው። ለምን እንደሆነ ስላልነገርኳቸው ጨዋታው አልቋል ብለው አጉረመረሙ።

ወደ ባልቴቷ ቤት ወረድኩ። በራቸውን በእግራቸው እየገፉ ሊዘጉ ሲታገሉ አገኘኋቸው። "አልዘጋ ብሏል" አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ። "መዝጊያው ደህና ነው። ቤቱ ነው እምቢ ያለው።" ከምንጩ የቀዱትን ውሃ አሳዩኝ። ቀይ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከልብስ ሰፊው ጋር ባለሙያው ቢሮ ሄድን። ያየነውን ነገርነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ ደንታ ቢስ ሰው አልነበረም።

"የሜዳው ምርቃት ቀን ደርሷል" አለ። "ከአዲስ አበባ የድርጅቱ ተወካይ ትመጣለች። አሁን መሬቱ ይንቀሳቀሳል ብዬ ብናገር ምን የሚሆን ይመስልሻል? ድጋፉ የሚቆመው ለእናንተ ብቻ አይደለም። ለሌሎቹ ወረዳዎች የተጠየቀውም ይቀራል።"

"ሰው ቢሞትስ?" አለ ልብስ ሰፊው።

"ጋሼ፣ ይሄ አገር ሁሉ ተዳፋት ነው። ስንጥቅ የሌለው የት አለ?"

"የሚሰነጠቀው እግሩ የተቆረጠው ነው።"

ባለሙያው መሐንዲስ እንደሚያመጣ ቃል ገባ። መሐንዲሱ መጣ። እየዘነበ ስለነበር ከመኪናው ብዙም አልራቀም። ዝናቡ ጋብ ሲል አፈሩ ይረጋል፣ ይደርቃል አለን። የክበቡ አባላት እፎይ አሉ። እኔም እፎይ ማለት ፈልጌ ነበር። ማታውን አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣሪያዬን የሚደበድበውን ዝናብ ስሰማ ግን ባልቴቷ በዚያ በማይዘጋ በር ቤት ውስጥ መተኛታቸው ትዝ አለኝና ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊው ሥራውን ሲጨርስ በየቀኑ ወደ ባልቴቷ ይሄዳል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ወንበሩን የሚገፋው አንዳንዴ እኔ፣ አንዳንዴ ከሰፈሩ ያገኘው ሰው ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል እንዲወስዱ ይለምናቸዋል። እሳቸው እምቢ ይላሉ። እንሰቱን ማን ይጠብቀዋል? እዚህ የወለዷቸውን ልጆች፣ እዚህ የቀበሩትን ባል ያነሳሉ። እሱ አይከራከርም። ነገ ተመልሶ ይመጣል።

የምርቃቱ ቀን ጠዋት ዝናቡ ቆሞ ጭጋግ ሆነ። ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል። ቀዩ ግድግዳ በጭጋጉ ውስጥ ጥቁር መስሏል፤ ከጫፉ የነበረው አንዱ ዛፍ ወደ እኛ አዘንብሏል። ትናንት ቀጥ ብሎ ነበር ብዬ አልምልም። ያን ዕለት ግን ማዘንበሉን ሁላችንም አየን።

የሥነ ዜጋ መምህርቷን ክንዷን ይዤ ወደ ጣውላዋ ላደርሳት ስል መሐል ላይ ቆመች።

"እግሬ አልወደደውም" አለች።

"ምን ተሰማሽ?"

"መሬቱ ሥሩ ባዶ ነው። እዚህ ላይ አልቆምም። ተማሪዎቼንም አላቆምም።" ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "የክበቡ አባላት የት ናችሁ? ኑ።"

ከሲሚንቶው መንገድ ውጭ ተሰብስበን ተነጋገርን። አንዳንዱ ዛሬን ብቻ እንተኩስና ከዚያ እንተወዋለን አለ። አንድ የማንኪራ ወጣት "ይሄን ያህል መንገድ የመጣሁት ለመመለስ ነው?" ብሎ ተቆጣ። ልብስ ሰፊው ሰማና "እናንተ ብታመልጡ በእግራችሁ ነው። እኔ በምን ላመልጥ?" አለ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ዒላማዎቹን ተሸክመን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወረድን።

ተወካይዋን በስልክ አገኘኋት፤ ወደ ከተማው እየተቃረበች ነበር። "ሜዳው ስጋት አለው፤ ዝግጅቱን ትምህርት ቤት አድርገነዋል" አልኳት። "መምህርት፣ እኛ ድጋፍ ያደረግነው ለሜዳ ነው። ፎቶው የትምህርት ቤት ግቢ ከሆነ ለበላዮቼ ምን እላለሁ?"

"እውነቱን ይንገሯቸው።"

መጣች። ጨዋ ሴት ናት፤ አባላቱ ሲተኩሱ አይታ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ነገር ግን ሜዳውን ካላየሁ አልሄድም ብላ ከባለሙያው ጋር ወጣች። ተከትያቸው ከመንገዱ ዳር ቀረሁ። ሁለቱ በባዶው ሜዳ መሐል፣ በተደረደሩት ባዶ ወንበሮች መካከል ቆመው ያወራሉ። ባለሙያው ወደ ግድግዳው ይጠቁማል። አንድ ጓል አፈር ከላይ ተነቅሎ ወረደና ከወንበሮቹ አጠገብ ፈረጠ። ሌላ ምንም አልሆነም። ተመልሰው መጡ። ፀሐይ ጭጋጉን ገልጣ ሣሩ ላይ አብርታ ነበር፤ ቦታው እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድጋፉ ለጊዜው መቆሙን ሰማን። የተሠራው ሜዳ አገልግሎት እየሰጠ አይደለም ተባለ። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ቀሩ። ሰላምታ የነፈጉኝም ነበሩ። ገበያ ላይ አንዲት እናት "ልጄ ደስታዋ ያ ብቻ ነበር፤ በወሬ አስቀራችሁባት" አለችኝ። ቀናት አለፉ፣ ሜዳውም እዚያው አለ። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ወደዚያ አሻቅቤ አያለሁ። ባለበት አለ። አንድ ቀን በውስጤ "ምነው በወደቀና ባረፍነው" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ወዲያው ከታች ያሉት ባልቴት ትዝ ሲሉኝ በገዛ ሐሳቤ ደነገጥኩ። የምመኘው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልክ ሆኜ መገኘትንም ስህተተኛ መሆንንም እኩል ፈራሁ።

ባልቴቷ በመጨረሻ በልብስ ሰፊው ክፍል ውስጥ ማደር ጀመሩ። ያሸነፋቸው ልመናው ሳይሆን የጓዳቸው ግድግዳ ነው፤ አንድ ጠዋት ሲነሱ ውጭው ታያቸው። ሆኖም ንጋት ላይ ወደ ጓሯቸው ወርደው ውለው ማምሻውን ይመለሳሉ።

ሜዳው የወረደው ፀሐያማ ቀን ነው። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፣ ሰው ልብሱን አጥሩ ላይ አስጥቷል። የገበያ ቀን ስለነበር ባልቴቷ ቆጮ ሊሸጡ ወጥተዋል። እኔ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት አባላት ጋር ነበርኩ። በመጀመሪያ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚሰበር መሰለኝ። ከዚያ ብዙ ዛፎች፣ ከዚያ ከባድ መኪና ድንጋይ የሚገለብጥ ዓይነት ድምፅ፣ የማያልቅ። የሥነ ዜጋ መምህርቷ ደጋኗን መሬት ላይ አስቀመጠችና እጄን ፈልጋ ያዘች።

ሮጥኩ። የሲሚንቶው መንገድ የሚጀምርበት ጫፍ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ሜዳው ግማሹ የለም። ቀዩ አፈር ከነዛፎቹ፣ ከነቡናው ወርዶ ምንጩን ውጧል፣ እንሰቱን ውጧል። የባልቴቷ ቤት የነበረበትን ቦታ በዓይኔ ፈለግሁ፤ ምልክት የሚሆን ነገር አልነበረም። ሰዎች እየጮሁ በእጃቸው ይቆፍሩ ነበር። እኔም ቆፈርኩ። ባልቴቷ ገበያ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ አልነበረም፣ እኔም አላወቅሁም።

እሳቸው ከገበያ ሲመለሱ በኋላችን መጥተው ቆሙ። ባዶ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ለረጅም ጊዜ አዩ። አላለቀሱም። በካፊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እዚያ የነበረ ጎረቤታቸውን ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት። "ባሌን ሁለት ጊዜ ቀበሩብኝ፣ ነው ያሉት" አለኝ። የባላቸው መቃብር ከእንሰቱ ጀርባ ነበር።

ባለሙያው አመሻሽ ላይ መጣ። ከአጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል አድርጎ መሬት መሬት አየ። "ድንኳኑን እዚያ ነበር የተከልነው" አለ።

ተወካይዋ ደወለች። አለቀሰች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ድጋፉ ለትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲዛወር እንደምትጥር ነገረችኝ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ከፊሉ ተሳካ። አሁን ግቢው ውስጥ ሁለት ጥሩ ዒላማና በሩ ላይ የተስተካከለ መግቢያ አለን። ጥለውን የሄዱት አብዛኞቹ ተመልሰዋል። ባልቴቷ ከልብስ ሰፊው ጋር ቀርተዋል፤ ቁልፍ ይተክሉለታል፣ ደንበኛ ይቆጡለታል። ወደዚያ ሰፈር ግን ዳግመኛ አልሄዱም።

እኔ እሄዳለሁ። የወረደው አፈር ለስላሳና ለም ስለሆነ መጀመሪያ በቆሎ ተዘራበት። ቀጥሎ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከዳር ምሰሶ ሲተክሉ አገኘኋቸው። ከላያቸው የቀረው የኮረብታው ግማሽ ቆሟል፤ ከጫፉ ወደ ጫካው ውስጥ የሚገባ አዲስ ስንጥቅ አለ፣ እግር የሚያስገባ።

"ወንድሜ፣ እዚህ ቤት አትሥራ" አልኩት።

ምሰሶውን እየጠቀጠቀ ፈገግ አለ። "ቲቸር፣ እሱማ ወርዶ ጨርሷል። የቀረው ምን አለ?"

ስንጥቁን በጣቴ አሳየሁት። አየው። ሚስቱም አየችው፤ ሆዷ ገፍቷል። "ሌላ መሬት ማን ይሰጠናል?" አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ መልሱን አውቅ ይሆናል ብላ ነው የጠየቀችኝ። ለሚመለከታቸው ሁሉ ተናገርኩ። ሰው ይላካል አሉኝ።

የባልና ሚስቱ ቤት ተሠርቶ አልቋል፤ ቆርቆሮው ከማስተምርበት ክፍል መስኮት ይታያል። ዛሬ ከቀትር በኋላ ፈተና እየፈተንኩ ሳለ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስኮቱን መቱት። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። እኔ በመስኮቱ የቤታቸው ጣሪያ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆሜያለሁ። ጭስ እየወጣ ነው፤ እቤት ናቸው።